ሞረድ የነካው ብርና የቸኮለ ፍርድ

በአንድ ቤት የተቀመጠ አሮጌ ብር ዋጋው በገበያ የሚያወጣው ብቻ አይደለም። ማን እንደ ሰጠው፥ በምን ቀን እንደ ተሰጠ፥ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚነገርለት ስለ ሆነ የቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ስለዚህም በእንዲህ ያለ ብር ላይ ክፉ ቃል የሚናገር ሰው በሰጪው ስም ላይ መናገሩ ነው። ይህን የምንጽፈው ከሌላ ሰምተን ሳይሆን እኛው ራሳችን በድለን ስለ ተማርነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወዳጃችን በአሜሪካ አገር ብዙ ዘመን ኖሮ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፥ በ1795 ዓመት የታተመ አንድ የግማሽ ዶላር ብር ይዞ መጣ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ልጁ ሚስት ባገባ ጊዜም ለሙሽራይቱ ከሚቀርበው ጥሎሽ መካከል ያን ብር በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ አኖረው። ጥሎሹም እንደ ልማዱ በሽማግሌዎች ፊት እየተነሣ ታየ። ከሙሽራይቱ ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ብሩን ወደ ብርሃን አዙረው ቢመለከቱ፥ በምስሉ ራስና በዙሪያው ባሉት ጥርሶች ላይ ጐን ለጐን የተሰለፉ ጭረቶች አዩበት። ደግሞም በአንዱ ፊት ሆነ በሌላው ዋጋው አልተጻፈበትም። ሽማግሌውም «ይህ ብር ተሞርዷል፤ አንድ ሰው ፍቆ ትቢያውን ለአንጥረኛ ሸጦታል» አሉ።

እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንንና የፈረንጅ ፊደል ስለምናነብ፥ ብሩ ለእኛ ተሰጠን። በመብራት አጠገብ ጥቂት ተመልክተን «አዎን፥ ሞረድ ነክቶታል» ብለን መለስን። ቃላችን እውነት ነበረ፤ ከቃላችን የወጣው ፍርድ ግን ሐሰት ሆነ። በአዳራሹ ዝምታ ወደቀ፤ የወዳጃችንም ፊት ጠቈረ። ሲወጣ በደጅ አግኝቶን «ጸሐፊ፥ እርስዎ የምስክርን ቃል ሳይመረምሩ መዝገብ የሚዘጉ ሰው አይመስሉኝም ነበር» አለን። ይህ ቃል ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛንም። በማግሥቱ ብሩን ለምነን ተቀበልን፤ አጉሊ መነጽርና የአንጥረኛ ሚዛን ተዋስን፤ ስለ አሜሪካ የቀድሞ ብሮች የተጻፉትንም መጻሕፍት መረመርን። ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

የአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ ሕጉን ያወጣው በ1792 ዓመት ሚያዝያ 2 ቀን ሲሆን፥ የገንዘብ ማተሚያ ቤቱም በፊላዴልፊያ ከተማ ተሠራ። የመጀመሪያው ሹም ዴቪድ ሪተንሃውስ የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ የብር ዶላሮች በ1794 ዓመት ታተሙ፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት 15 ቀን የተረከቡት 1,758 ብቻ ነበሩ። ሕጉ የአንዱን ዶላር ክብደት 416 ግሬን፥ ማለት 27 ግራም ለመሙላት ጥቂት የሚጐድለው፥ አድርጎ ወሰነ። ግማሽ ዶላሩም 208 ግሬን፥ ማለት ወደ 13 ግራም ተኩል ሆነ።

በዚያ ዘመን ገንዘብ የሚታተመው በሰው ክንድ በሚዞር መጭመቂያ ነበረ፤ በእንፋሎት ኃይል ማተም በዚያ ቤት የተጀመረው በ1836 ዓመት ነው። ሥራውም ደብዳቤ ከማኅተም ጋር ይመሳሰላል። ሁለት የብረት ማኅተሞች አሉ፤ አንዱ የፊቱን፥ ሌላው የጀርባውን ምስል ገልብጦ የያዘ ነው። ያልታተመው ክብ ብር በሁለቱ መካከል ይገባና በብርቱ ይጨመቃል። በማኅተሙ ላይ የጐደጐደው ሁሉ በብሩ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን በልባቸው ይያዙልን፤ የምርመራው ሁሉ መክፈቻ ቁልፍ እርሱ ነውና።

ማኅተሞቹን የሚቀርጸው ሮበርት ስኮት የተባለ ሰው ነበረ። ፊደሉን፥ ኮከቡንና የዓመቱን ቍጥር በየአንዳንዱ ማኅተም ላይ አንድ በአንድ በመዶሻ እየመቱ ያስገቡ ስለ ነበረ፥ ሁለት ማኅተም ፈጽሞ አይመሳሰልም። አንዱ ኮከብ ወደ ፊደሉ ይጠጋል፥ በሌላው ይርቃል፤ አንዱ ቍጥር ይዘማል፥ ሌላው ይቀናል። በ1795 ዓመት ግማሽ ዶላር ጀርባ ላይ ንስሩን በከበበው የቅጠል አክሊል ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ቍጥር እንኳ ከማኅተም ወደ ማኅተም ይለያያል፤ ከንስሩ ክንፍ በታችም በአንዱ ሁለት ቅጠል፥ በሌላው ሦስት ቅጠል ይገኛል። እንዲህ ባለው ምልክት የዚህ የአንድ ዓመት ግማሽ ዶላር ብቻ ከ30 በሚበልጡ የማኅተም ጥንዶች እንደ ታተመ ታውቋል።

አሁን ወደ ሞረዱ ነገር እንመለስ። ሕጉ የክብደቱን ልክ ቢወስንም፥ በዚያን ጊዜ የነበረው መሣሪያ ብሩን ሁሉ በአንድ ውፍረት ሊዘረጋው አይችልም ነበር። ስለዚህ ክቡ ብር ከመታተሙ በፊት አንድ በአንድ በሚዛን ይመዘናል። የጐደለው ወደ እሳት ተመልሶ ይቀልጣል፤ የበለጠው ግን ልኩ እስኪደርስ በሞረድ ይፋቃል። ይህንም ሥራ የሚሠሩ መዛኞች ነበሩ። በ1795 ዓመት ሣራ ዋልድሬክና ሬቸል ሰመርስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ለዚሁ ሥራ ተቀጠሩ፤ በአሜሪካ መንግሥት ሥራ ከተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል ይቈጠራሉ። የመንግሥቱ ገንዘብ እንዳይበልጥና እንዳይጐድል በእነዚህ ሴቶች እጅና ዓይን ይጠበቅ ነበር።

እንግዲህ ብሩ ከተሞረደ በኋላ ወደ ማኅተሙ ይገባል። የመጭመቂያው ኃይል ብዙውን የሞረድ ጭረት ያጠፋዋል፤ ዳሩ ግን ብሩ እስከ ማኅተሙ ጥልቅ ጕድጓድ ድረስ ያልሞላ እንደ ሆነ፥ በምስሉ ከፍተኛ ስፍራና በዙሪያው ጥርሶች ላይ ጭረቱ ይቀራል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ብር ላይ የሚታየው የሞረድ ምልክት የሌባ እጅ ሳይሆን የመዛኝ እጅ ነው። እኛ የስርቆት ምልክት ያልነው የታማኝነት ምልክት ሆኖ ተገኘ።

አንዳንድ ጊዜም ከጐደለው ክብ መካከል ጥቂቱን ከማቅለጥ ይልቅ በመካከሉ ትንሽ የብር ጕጥ አስገብተው ክብደቱን ያሟሉ ነበር። በ2013 ዓመት ጥር ወር በኒው ዮርክ ከተማ በጨረታ አንድ የ1794 ዓመት ዶላር በ10,016,875 ዶላር ተሸጠ። በዚህ ብር መካከል ጕጥ አለበት፤ በፊቱም ላይ የሞረድ ጭረት ይታያል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያገኘው የተበላሸ ብሎ በጣለው ነበር።

ታዲያ የመዛኝ ጭረት ከሌላ ጭረት በምን ይለያል? ሕጉ አጭር ነው። በብሩ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ መስመር ከማኅተሙ የመጣ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ መስመር ግን ብሩን ራሱን ያገኘው ነው። ማኅተሙ ብረት ስለ ሆነ በብዙ ምት ይሰነጠቃል፤ ብሩም ወደ ስንጥቁ ገብቶ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ማኅተሙ በዝገት የተበላ እንደ ሆነም በብሩ ላይ ጕብጕብ ያሉ ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ ሁሉ በብሩ ላይ የተደረጉ ጕዳቶች አይደሉም።

ወደ ውስጥ የገባው መስመር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከመታተሙ በፊት፥ ሌላው ከታተመ በኋላ የመጣ ነው። ከታተመ በኋላ የመጣ ቧጨራ እንደ ማረሻ ነው፤ ብሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፍትሮ በዳርና በዳር ክምር ያቆማል። ከመታተሙ በፊት የነበረው የሞረድ ጭረት ግን በማኅተሙ ስለ ተጨመቀ ጫፉ የለዘበ ነው፤ በከፍተኛው ስፍራ ይታይና ብሩ ማኅተሙን በሚገባ በነካበት በዝቅተኛው ሜዳ ይጠፋል።

ደግሞ አንድ ሌላ ምልክት አለ። በመጭመቂያው መካከል ብር ሳይገባ ሁለቱ ማኅተሞች እርስ በርሳቸው የተጋጩ እንደ ሆነ፥ የአንዱ ምስል በሌላው ላይ ጥላውን ይጥላል። ከዚያ በኋላ የሚታተሙት ብሮች ሁሉ ይህን ጥላ ይዘው ይወጣሉ። በወዳጃችን ብር ላይ ከሴቲቱ አንገት ፊት ለፊት የጀርባው አክሊል ቅጠል በጭላንጭል ይታያል። እኛም በመጀመሪያ «ምናልባት ሌላ ምስል ተፍቆ ይሆን?» ብለን ጠርጥረን ነበር። ለካስ የሁለት ብረቶች ግጭት ኖሯል።

እንዲህ ያሉትን ምልክቶች የሚመረምሩ ሊቃውንት በአሜሪካ ብዙ ናቸው። በ1881 ዓመት ጆን ሃዝልታይን የተባለው ሰው የዶላሩን፥ የግማሽ ዶላሩንና የሩብ ዶላሩን ዓይነቶች ለይቶ መዝገብ አወጣ። በ1925 ዓመት ብራውኒንግ ስለ ሩብ ዶላር፥ በ1929 ዓመት ባይስትል ስለ ግማሽ ዶላር ጻፉ። በ1967 ዓመት የወጣው የአል ኦቨርተን መጽሐፍ ከ1794 እስከ 1836 ዓመት ለታተሙት የግማሽ ዶላር ዓይነቶች ቍጥር ሰጥቷል፤ ዛሬም ሰዎች ብራቸውን የሚጠሩት በዚሁ ቍጥር ነው። የፊትና የጀርባ ማኅተም በአንድነት ሲሠሩ «ጋብቻ» ይሉታል። አንዱ ማኅተም ሲሰበር ሌላው ከአዲስ ጓደኛ ጋር ይጋባል። የስንጥቁንም ማደግ ከብር ወደ ብር እየተከታተሉ፥ የትኛው ጋብቻ እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ተከተለ በማንም መዝገብ ሳይጻፍ ያውቃሉ።

የቀራጩ ስሕተትም ከዚህ ምርመራ አያመልጥም። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት የብራና መጽሐፍ ስናነብ፥ ጸሐፊው የሳተውን ፍቆ በላዩ የጻፈበት ስፍራ ከሥሩ የቀድሞውን ፊደል ሲያሳይ እናይ ነበር። በብረት ማኅተምም እንዲሁ ነው። በ1807 ዓመት በታተመ አንድ ዓይነት ግማሽ ዶላር ላይ ቀራጩ 50 ሳንቲም በማለት ፈንታ 20 ብሎ መትቶ ኖሮ፥ 50ውን በላዩ ደገመው፤ የ2ቱም ምልክት እስከ ዛሬ ከ5ቱ ሥር ይታያል። በ1828 ዓመት ሩብ ዶላርም 25ቱ የተመታው በ50 ላይ ነው። አሮጌ ማኅተም ለመጪው ዓመት እንዲያገለግል ቍጥሩን በቍጥር ላይ የመቱበትም ብዙ ነው። በ1796 ዓመት በታተመ አንድ ዓይነት የ5 ሳንቲም ብር ላይ፥ ነፃነት ማለት የሆነው «ሊበርቲ» የሚለው ቃል ሦስተኛው ፊደል ስለ ተበላሸ «ሊኬርቲ» ተብሎ ይነበባል።

ይህ ምርመራ የመንግሥትን መዝገብ እንኳ አርሟል። በማተሚያ ቤቱ መዝገብ በ1804 ዓመት 19,570 ዶላር እንደ ታተመ ተጽፏል፤ ነገር ግን እነዚያ በቀደሙት ዓመታት ማኅተሞች የታተሙ ናቸው። 1804 የሚል ቍጥር ያለባቸው ዶላሮች መታተም የጀመሩት በ1834 ዓመት ነው፤ ይኸውም ለሙስካት ሱልጣንና ለሲያም ንጉሥ በስጦታ እንዲላኩ ነው። ከ1857 ዓመት በኋላም ሌሎች በሌላ የጀርባ ማኅተም ተጨመሩ። ለብዙ ዘመን የታወቁት በጠቅላላው 15 ብቻ ነበሩ። የቀደሙትን ከኋለኞቹ ለመለየት፥ በጀርባው ያሉት ፊደሎች ከበታቻቸው ካሉት ደመናዎች አንጻር እንዴት እንደ ተቀመጡ መመልከት ይበቃል። ኤሪክ ኒውማንና ኬነት ብሬሴት በ1962 ዓመት ባወጡት መጽሐፍ ይህን ታሪክ አብራርተው ጽፈውታል። መዝገብ ጸሐፊ ለሆንነው ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የተጻፈው ቍጥር አንድ ነገር ሲናገር ብረቱ ሌላ መስክሯልና።

ይህ ጥበብ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ሲገበያዩ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች እየቈጠሩ ይቀበሉ ነበር። ያም ብር 1780 የሚለውን ዓመት ሳይለውጥ በቪየና፥ በሮማ፥ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ስለ ታተመ፥ የአንዱን ከሌላው የሚለዩት በእንዲህ ያለው ጥቃቅን ምልክት ነው። «ዶላር» የሚለው ቃልም «ታለር» ከሚለው ከጠገራው ብር ስም የመጣ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ብሮች በስም ዘመዳማቾች ናቸው።

ምርመራችንን ከጨረስን በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደ ገና እንዲሰበሰቡ ለመንን። በፊታቸውም ብሩን በሚዛን አኖርነው፤ 13 ግራም ከሦስት ዐሥረኛ ሆነ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ላለፈ ብር የጐደለው እጅግ ጥቂት ነው። ሌባ ቢሞርደው ኖሮ የሚሞርደው ጠርዙን እንደ ነበረ አስረዳን፤ ከዚያም ጠርዙን በአጉሊ መነጽር አሳየን። በጠርዙ ዙሪያ «ፊፍቲ ሴንትስ ኦር ሃፍ ኤ ዶላር» የሚል ጽሕፈት አለ፤ ትርጓሜውም «አምሳ ሳንቲም ወይም የዶላር እኩሌታ» ማለት ነው። ከፊደሉ አንዱ እንኳ አልጐደለም። የጠርዝ ጽሕፈት ለዚሁ የሚረዳ ነው፤ ብሩን ከዳሩ የሚፍቅ ሰው ፊደሉን አብሮ ይፍቃልና። ዋጋው አልተጻፈበትም የተባለውም በዚህ ተፈታ፤ በእነዚያ ዓመታት የግማሽ ዶላር ዋጋ የሚጻፈው በጠርዙ ላይ ብቻ ነበር። በመጨረሻም «በዚያን ቀን የተናገርነው ቃል የችኰላ ነበረ፤ ወዳጃችን ይቅር ይበሉን» ብለን ተነሥተን እጅ ነሣን። እርሱም ተነሥቶ አቀፈን። ብሩን መጀመሪያ የጠረጠሩት ሽማግሌም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ፤ እኔም ከአንተ ጋራ ነኝ ልጄ» ብለው ሳቁ።

ነገር ግን ደስታችን ሙሉ አልሆነም። ብሩ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት የሙሽራይቱ አክስት ነውሩ እንዲጠፋ አስበው አንደኛውን ፊት በአመድና በሎሚ ፈትገውት ኖሯል። ፊቱ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን ከየአቅጣጫው የተጠላለፈ እንደ ጠጕር የቀጠነ ጭረት ሞልቶበታል። የብር ጥቍረት ከአየር ጋር የሚመጣው ድኝ ብሩን ሲነካው በብዙ ዓመት የሚፈጠር ስስ ልባስ ነው። አመዱ ግን ከልባሱ ጋር ብሩን ራሱን ይወስዳል። ማኅተሙ ብሩን ሲጨምቀው የሚወጣው የመጀመሪያው ወዘና አንድ ጊዜ ከተፈተገ ማንም ጥበበኛ አይመልሰውም። አክስቲቱ ይህን በሰሙ ጊዜ አለቀሱ። እኛም «እመቤቴ፥ እርስዎ የፈተጉት ነውሩን ሊሸፍኑ ብለው ነው፤ ነውሩን ያመጣነው ግን እኛ ነን» አልናቸው። እውነቱም ይህ ነው፤ ቃላችን ባይቸኩል ኖሮ አመዱ ባልመጣ ነበር።

አሮጌ ብር ያላችሁ አንባቢዎቻችን ከዚህ ጥፋት እንድትድኑ ጥቂት ምክር እንጨምራለን።

1ኛ፤ አሮጌ ብርን በአመድ፥ በሎሚ፥ በአሸዋ፥ በጥርስ ሳሙና ወይም በሌላ በማናቸውም ነገር አትፈትጉ። ጥቍረቱ ዕድሜው ነው።

2ኛ፤ ብሩን በጠርዙ በሁለት ጣት ያዙ እንጂ ፊቱን አትዳስሱ፤ የእጅ ላብና ቅባት ምልክት ይተዋልና።

3ኛ፤ ጭረት ስታዩ መብራቱን ከጐን አድርጋችሁ ብሩን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። መስመሩ ከፍ ያለ ነውን? የገባ ነውን? በዳሩ ክምር አለውን? ይህን ሳታውቁ አትፍረዱ።

4ኛ፤ መዝኑት፤ ጠርዙንም አንብቡ።

5ኛ፤ በሚለሰልስ ፕላስቲክ ወይም ከጎማ ጋር አታስቀምጡት፤ አንዱ አረንጓዴ ዝቃጭ ያመጣበታል፥ ሁለተኛው ያጠቍረዋል። ደረቅ በሆነ ስፍራ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት።

6ኛ፤ ከማን እንደ መጣና ለማን እንደ ተሰጠ በወረቀት ጽፋችሁ ከርሱ ጋር አኑሩ። ማኅተሙ የተናገረውን ሊቃውንት ያነቡታል፤ የቤታችሁን ታሪክ ግን ካልጻፋችሁት ማንም አያነበውም።

ያ ብር አሁን በሙሽራይቱ ሣጥን ውስጥ ነው። አንደኛው ፊቱ ጥቍር፥ ሁለተኛው የሚያበራ ነው። ሙሽራይቱም እንግዳ ሲመጣ ጥቍሩን ፊት አስቀድማ ታሳያለች፤ በሴቲቱ ራስ ላይ ያሉትን የሞረድ ጭረቶች በጣቷ እያመለከተች «ይህ የመዛኞቹ እጅ ነው» ትላለች። ስለሚያበራው ፊት የጠየቃት እንደ ሆነ ግን ፈገግ ብላ «እርሱ የእኛ እጅ ነው» ብላ ትመልሳለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ የብሩም እውነት እያደር ጠርቷል፤ የጠራው ግን በአመድ ሳይሆን በምርመራ ነው።